«ጨዋታ» ስንል ምን ማለታችን ነው? እንግሊዝኛን በጨዋታና በመሣሪያ ስለ ማስተማር የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ፣ ቦታ ከተሰጠውና የሚቀመስ ከቀረበለት በኋላ ባለቤቱ «እስቲ ተጫወት» ይለዋል። እንግዳው ይህን ሲሰማ ገበጣ ወይም ካርታ አይፈልግም፤ ወሬ ይጀምራል። በአማርኛ መጫወት ማለት መነጋገር ነውና። ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል የሚለው አባባልም ስለ ንግግር የተባለ ነው፤ ጨዋታ ዐዋቂ የምንለውም በኳስ ወይም በሩጫ የበለጠውን ሳይሆን በአንደበቱ ሰውን የሚይዘውን ነው። በሌላ በኩል ግን ልጆች የሚጫወቱት ድብብቆሽ፣ በገና በዓል የሚመታው ሩር፣ በስታዲየም የሚታየው ግጥሚያ፣ በስልክ ላይ የሚገኘው መዝናኛ፣ ሁሉም ጨዋታ ይባላሉ። ከዚህም አልፎ «ነገሩ ጨዋታ አይደለም» ስንል ቃሉ የቁም ነገር ተቃራኒ ይሆናል፤ «ተጫወተበት» ስንል ደግሞ ማታለልን ያመለክታል።

ይህ የፍቺ ብዛት ለባለ ቅኔ ሀብት ነው፤ ለሙያ ቃል አዘጋጅ ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ የማስተማር ሙያ ከግማሽ ምእት ዓመት ወዲህ ስለ ጨዋታና ስለ መሣሪያ ብዙ የተጻፈበት መስክ ሆኗል። ጽሑፉ ወደ እኛ የሚደርሰው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመምህሩ መምሪያና የሥልጠናው ጽሑፍ ግን በአማርኛም ይዘጋጃል። በእንግሊዝኛው ውስጥ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ነገሮች ይገኛሉ፤ እኛ ተርጓሚዎች አምስቱንም «ጨዋታ» እያልን አልፈናቸዋል። የራሳችንም ብዕር ከዚህ ስሕተት የጸዳ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ቋንቋን የሚያስተምረው ጨዋታ በሁለቱም የአማርኛ ፍቺዎች ጨዋታ የሆነው ነው፤ ይኸውም ደንብና ማሸነፍ ያለበት ብቻ ሳይሆን መነጋገርም የግድ የሚሆንበት ማለት ነው። ይህን የማያሟላው ሁሉ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሌላ ስም ይገባዋል። ስሙን መለየታችንም ለቃላት ውበት ተጨንቀን አይደለም። መምህሩ ያን ስም አንብቦ በክፍሉ ውስጥ የሚያደርገውን ስለሚወስን፣ ወላጅም ያን ስም ሰምቶ «ልጄን ለትምህርት እንጂ ለጨዋታ አልላክሁም» ሲል ምን ብለን እንደምንመልስለት ከወዲሁ ማወቅ ስለሚገባን ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

2. ቃሉ በሌሎች ዘንድ

ችግሩ የአማርኛ ብቻ አለመሆኑን አስቀድመን እንቀበል። እንግሊዝኛ ነጻውን መጫወትና ደንብ ያለውን ጨዋታ «ፕሌይ» እና «ጌም» በሚሉ ሁለት ቃላት ሲለይ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠሯቸዋል። የሆላንዱ የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሃውዚንጋ በ1938 ባሳተሙት «ሆሞ ሉደንስ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ጨዋታን እንዴት እንደሚሰይሙ ለመመርመር አንድ ምዕራፍ ሰጥተዋል። ሉድቪግ ዊትገንሽታይን ደግሞ፣ ከሞታቸው በኋላ በ1953 በታተመው «ፍልስፍናዊ ምርምሮች»፣ ጨዋታ የሚባሉትን ነገሮች በሙሉ የሚያስተባብር አንድ የጋራ ባሕርይ እንደሌለ፣ ይልቁንም እንደ አንድ ቤተሰብ አባላት አንዱ በዐይኑ፣ ሌላው በአረማመዱ እየተመሳሰሉ የሚያያዙ መሆናቸውን አስረድተዋል። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንዳንዱ ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊፈታ አይችልምና።

በርናርድ ሱትስ የተባሉት ፈላስፋ በ1978 ይህን በመቃወም ጨዋታ ሊፈታ እንደሚችል ተከራክረዋል። በእርሳቸው አስተያየት መጫወት ማለት አስፈላጊ ያልሆነን እንቅፋት በፈቃድ ለመወጣት መሞከር ነው። ኳስን ከመረቡ ለማግባት ቀላሉ መንገድ በእጅ ይዞ መሮጥ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን በእግር ብቻ እንዲሆን ተስማምተው እንቅፋቱን ራሳቸው ፈጠሩ። ይህ አፈታት ጨዋታዎችን ሁሉ ይጠቀልል አይጠቀልል ለፈላስፎች እንተወው። ለቋንቋ መምህር ግን እጅግ የሚጠቅም ነገር ይዟል። በቋንቋ ትምህርት ውስጥ ጥሩ ጨዋታ የሚባለው እንቅፋቱን ለመሻገር ከቋንቋው በቀር ሌላ ድልድይ የሌለበት ነው። ሥዕሉን ለጓደኛው ማሳየት ቀላል ነበር፤ ደንቡ ግን በቃል ብቻ እንዲነግረው ያስገድደዋል።

ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከተጠቀሱት ሦስት ቋንቋዎች የአንዱም ቃል እንደ አማርኛው «ጨዋታ» የቤት ወግን ከዋና ፍቺዎቹ መካከል አላደረገም። የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሊቃውንት ጨዋታን ከመነጋገር ጋር ለማገናኘት ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ አማርኛ ግን ይህን በአንድ ቃል ሲያደርገው ኖሯል።

3. መመዘኛው

አንድን ጨዋታ ስንመዝን ሦስት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፣ አንዱ የያዘው፣ ሌላው የሌለው ነገር አለን? ሁለተኛ፣ የንግግሩን ትርጉም ሳይረዱ ማሸነፍ ይቻላልን? ሦስተኛ፣ ስሕተት ሲሠራ ምላሽ የሚሰጠው ምንድን ነው፤ ደወል ነው፣ ወይስ ያልገባው ሰው?

መመዘኛውን በራሳችን በእንቆቅልሽ እንፈትነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። ጥያቄው ይቀርባል። ተጠያቂው ካልቻለ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ የተሰጠው አገር ካላስደሰተው ሌላ ያስጨምራል፤ ሲረካ ፍቺውን ይናገራል። መልሱ በጠያቂው ልብ ውስጥ ስላለ የመጀመሪያው ጥያቄ ተሟልቷል። የቃሉን ገጽታና ምሥጢሩን ሳይመረምሩ ማሸነፍ ስለማይቻል ሁለተኛውም ተሟልቷል። ለስሕተቱም ምላሽ የሚሰጠው አገር የሚቀማ፣ የሚስቅ፣ የሚከራከር ሰው ነው። ከዚህም በላይ ልጁ ተራ መጠበቅን፣ መጠየቅን፣ መደራደርን፣ መሸነፍን ከነቃላቸው ይማራል። ማንም ሰው እንቆቅልሽን የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ ብሎ አልነደፈውም፤ ሆኖም ሦስቱንም ጥያቄ ያልፋል።

4. በመማሪያ ክፍል ውስጥ

በዚህ መስክ በሰፊው ከሚታወቁት መጻሕፍት አንዱ አንድሩ ራይት፣ ዴቪድ ቤተሪጅና ማይክል ባክቢ በ1979 በካምብሪጅ ያሳተሙት «ጨዋታዎች ለቋንቋ ትምህርት» ነው፤ ሦስተኛው እትም በ2006 ወጥቷል። ማሪዮ ሪንቮሉክሪም በ1984 ሰዋስውን በጨዋታ ስለ ማስተማር የራሳቸውን መጽሐፍ አቅርበዋል። እነዚህ ጽሑፎች የወጡት የቋንቋ ዕውቀት ማለት ደንብ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ከሰው ጋር መግባባት መቻል ነው የሚለው አስተሳሰብ በተስፋፋበት ዘመን ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ሽፋን ሥር የተሰበሰቡት ጨዋታዎች ሁሉ ወንድማማች አይደሉም።

ከመልካሞቹ አንዱን እንውሰድ። ሁለት ተማሪዎች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። አንዱ የገበያ ሥዕል ይዟል፤ ሌላው ባዶ ወረቀትና እርሳስ። ባለ ሥዕሉ በእንግሊዝኛ እየተናገረ ሌላው ይሥላል፤ ሲጨርሱ ሁለቱን ሥዕሎች ያስተያያሉ። ተናጋሪው «በስተግራ» ለማለት «በስተቀኝ» ቢል፣ ወይም «ከበላዩ» እና «ከጐኑ» የሚሉትን ቃላት ቢያቀያይር፣ ዛፉ ያለ ቦታው ይበቅላል። ስሕተቱን የሚያሳየው ቀይ ብዕር ሳይሆን የዛፉ ቦታ ነው። የሚያስፈልገውም ሁለት ወረቀትና አንድ እርሳስ ብቻ ነው።

የድምፅ ትምህርትም በዚሁ መንገድ ሊሰጥ ይችላል። «በግ» እና «መርከብ» የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የሚለያዩት በአናባቢያቸው ብቻ ነው፤ በእኛ ፊደል ስንጽፋቸው ግን ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ። ፊደላችን የማይለየውን ልዩነት ጆሯችን በቀላሉ አይለየውም። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ቃሉን ይናገር፤ ሌላው ከሁለቱ ሥዕሎች አንዱን ያመልክት። በግ ለማለት ፈልጎ መርከብ የተመለከተለት ተማሪ ምላሱን የሚያርመው መምህሩ ስለ ተቆጣው ሳይሆን መልእክቱ ስላልደረሰለት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ሌላውን የታወቀ ጨዋታ እንመልከት። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ፊደላቱ ብዛት ሰረዞችን ያሰምራል፤ ተማሪዎች ፊደል እየገመቱ ቃሉን ያሟላሉ፤ በተሳሳቱ ቁጥር የሚሰቀል ሰው አካል በአካል ይሣላል። እዚህ ላይ የቃሉን ፍቺ ጨርሶ ሳያውቁ፣ የትኞቹ ፊደላት ደጋግመው እንደሚመጡ በማሰብ ብቻ ማሸነፍ ይቻላል፤ ስለዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ይወድቃል። ዋጋ የለውም ማለታችን ግን አይደለም። በእኛ ፊደል አናባቢው በተነባቢው አካል ውስጥ ያድራል፤ በላቲኑ ግን ራሱን ችሎ ቦታ ይይዛል። የኢትዮጵያ ተማሪ ለአናባቢው የተለየ ሰረዝ መኖሩን ደጋግሞ ሲያይ ለአጻጻፍ የሚጠቅም ነገር ይማራል። ይህ ጥሩ የፊደል ልምምድ ነው፤ የመነጋገር ጨዋታ ግን አይደለም። መምሪያው ሁለቱን በአንድ ስም ሲጠራቸው መምህሩ ቀላሉን ይመርጣል፤ ተማሪዎቹም አፋቸውን ሳይከፍቱ «ተጫውተው» ይወጣሉ።

5. የመሣሪያው ታሪክ

የማስተማሪያ መሣሪያ ክርክር ከኮምፒዩተር መስፋፋት ይቀድማል። ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1954ና በ1958 በጻፏቸው ጽሑፎች ትምህርትን በጥቃቅን ደረጃ ከፋፍሎ የሚጠይቅ፣ መልሱን ወዲያው የሚያረጋግጥ መሣሪያ እንዲሠራ ተከራክረዋል። በ1960 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ፕላቶ» የተባለው ሥርዓት ኮምፒዩተርን ለማስተማር ሥራ አዋለ። የሐሳቡ መሠረት ጠያቂው መሣሪያ፣ መላሹ ተማሪ መሆኑ ነበር።

ይህን የተቹት ጆን ሂጊንስ ናቸው። በ1983 ባቀረቡት ጽሑፍ ኮምፒዩተር በሁለት አምሳል ሊታይ እንደሚችል አሳይተዋል። አንደኛው ዕውቀትን ይዞ የሚያዝ፣ የሚጠይቅና ፍርድ የሚሰጥ ጌታ መምህር ነው። ሁለተኛው በጥንት ግሪኮች ዘንድ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት እየተከተለ የሚያደርስ፣ ሲጠየቅ የሚመልስ፣ በቃህ ሲባል የሚተው አገልጋይ ነው። ሂጊንስ የሚመርጡት ሁለተኛውን ነው። ከቲም ጆንስ ጋር በ1984 ያሳተሙት መጽሐፍም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው።

በዚያ ዘመን ከተስፋፉት ጨዋታዎች አንዱ እንዲህ ያለ ነበር። አንድ አጭር ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ ይታይና ፊደላቱ በሙሉ በነጥብ ይተካሉ። ተማሪዎች አንድ ቃል ይገምታሉ፤ ቃሉ በጽሑፉ ውስጥ ካለ ባለበት ቦታ ሁሉ ይገለጣል። እንዲህ እያሉ ጽሑፉን መልሰው ይገነቡታል። ይህ ጨዋታ ሙሉ ሕይወት የሚያገኘው አራት ተማሪዎች አንድ ኮምፒዩተር ከበው «እዚህ ግሥ መሆን አለበት»፣ «የለም፣ መስተዋድድ ነው» ሲባባሉ ነው። የመሣሪያ ማነስ ለአንድ ጊዜ እንኳ በረከት የሚሆንበት ሁኔታ ይህ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው በተማሪውና በመሣሪያው መካከል ሳይሆን በመሣሪያው ዙሪያ ነውና።

ቲም ጆንስ ከዚህ አንድ ርምጃ ሄደዋል። የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በጆን ሲንክሌር መሪነት ከተሰበሰበ ሰፊ የጽሑፍ ክምችት በ1987 ለወጣው የ«ኮቢልድ» መዝገበ ቃላት ሥራ መናኸሪያ ነበር። ጆንስ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ አንድ ቃል የሚገኝባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ደርድረው ተማሪው ራሱ የቃሉን ጠባይ እንዲደርስበት ያደርጉ ነበር። ይህ እኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በየቀኑ የምንሠራው ሥራ ነው። ቃሉን ሸፍኖ «ምን ይሆን?» ማለት ብቻ ነው የቀረው፤ ያን ጊዜ እንቆቅልሽ ይሆናል።

ከአገራችን ታሪክ የፕላዝማ ትምህርት ለዚሁ መመዘኛ መልካም ምሳሌ ነው። ከ2004 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች፣ እንግሊዝኛን ጨምሮ፣ በሳተላይት ወደ መማሪያ ክፍሎች ይተላለፉ ጀመር። መሣሪያው ዘመናዊ፣ ሥዕሉ ጥሩ፣ አነጋገሩም የሠለጠነ ነበር። በሰሌዳው ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ያቀርባል፤ ለመልሱ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ ተማሪው መለሰም አልመለሰም ትምህርቱ ይቀጥላል። የክፍሉ መምህር ድርሻ በመጀመሪያና በመጨረሻ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ሆኑ። ይህ የሂጊንስ ጌታ መምህር ነው፤ ያውም መስማት የተሳነው ጌታ። ያልገባው ሰው እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው በሦስተኛው ጥያቄ ወድቋል። የመሣሪያ ዘመናዊነት የመነጋገርን ቦታ እንደማይተካ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አያስፈልገንም።

6. በስልክ ላይ ያለው

አሁን ብዙው ተማሪ ጨዋታ የሚለውን የሚያገኘው በስልኩ ነው። ሉዊስ ፎን አን እና ሰቨሪን ሃከር በፒትስበርግ መሥርተውት በ2012 ለሕዝብ የተከፈተው ዱኦሊንጎ የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ዋና ምሳሌ ስለ ሆነ እርሱን እንመርምር።

የፎን አን ቀደምት ሥራ ለእኛ ሙያ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በ2003 አካባቢ የፈጠሩት ጨዋታ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን በኮምፒዩተር አገናኝቶ አንድ ሥዕል ያሳያቸው ነበር። እርስ በርስ መነጋገር አይችሉም፤ ሌላው ይጽፈዋል ብለው የሚገምቱትን ቃል ይጽፋሉ፤ ሁለቱ በአንድ ቃል ሲገናኙ ነጥብ ያገኛሉ። ሌሎች ቀድመው የተስማሙበት ቃል ስለሚከለከል «ውሻ» ካለቀ ወደ «ቡችላ»፣ ወደ «ጅራት» ይሄዳሉ። ዓላማው ለሥዕሎች መጠሪያ መሰብሰብ እንጂ ማስተማር አልነበረም። ነገር ግን ተጫዋቹ የሚያሸንፈው በሌላው ሰው ልብ ያለውን ቃል ሲደርስበት ስለሆነ፣ ከብዙዎቹ የማስተማሪያ ጨዋታዎች ይልቅ መመዘኛችንን ያሟላል።

ዱኦሊንጎም ሲጀመር ተማሪዎች የድረ ገጽ ጽሑፎችን እየተረጐሙ እንዲለማመዱ፣ ትርጉሙም ገቢ እንዲያስገኝ የታሰበ ነበር። ይህ አሠራር በኋላ ቀርቷል። እኛ ተርጓሚዎች ዕቅዱን በጥርጣሬ ማየታችን አይቀርም፤ ሆኖም በዚያ ዕቅድ ውስጥ ዐረፍተ ነገሩን ሊያነበው የሚፈልግ አንድ እውነተኛ አንባቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመተግበሪያው ዋና መልክ የሆኑት ቃልን ከቃል ማዛመድ፣ የተበታተኑ ቃላትን መደርደርና አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን መተርጐም ናቸው። በዚህ ላይ ነጥብ፣ የደረጃ ሰሌዳና ያልተቋረጡ ቀናት ቆጠራ ተጨምሯል።

ሁለት ትችት አለን። የመጀመሪያው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትችት ነው። ማዛመድ አንድ ቃል ለአንድ ቃል ልክ ይሆናል ብሎ ያስባል። የእንግሊዝኛው «ዌር» ለልብስ፣ ለጫማ፣ ለባርኔጣና ለሰዓት አንድ ነው፤ በአማርኛ ግን ሸማ ይለበሳል፣ ጫማ ይደረጋል፣ ባርኔጣ ይደፋል፣ ሰዓት ይታሰራል። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እና «እናንተ» በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ይጠቃለላሉ። ለማዛመድ ሲባል አንዱ ብቻ ተመርጦ ሌሎቹ ቢጣሉ ተማሪው ነጥቡን አግኝቶ ቃሉን ያጣዋል። መዝገበ ቃላት በአንቀጽና በምሳሌ ለማስተካከል የሚደክምበትን ስሕተት ማዛመዱ በደወል ያጸድቀዋል።

ሁለተኛው የስም ትችት ነው። ነጥቡ፣ ደረጃውና የቀኑ ቆጠራ ለቋንቋው ባዕድ ናቸው፤ ያንኑ ሽልማት ሳይለወጥ በሒሳብ ማባዣ ላይም ሆነ በስፖርት ልምምድ ላይ መለጠፍ ይቻላል። ይህን አሠራር እንግሊዝኛው «ጌሚፊኬሽን» ይለዋል፤ ቃሉ ከ2010 ወዲህ ተስፋፋ፤ በ2011 በቀረበ የታወቀ ጥናትም ጨዋታ ባልሆነ ነገር ላይ የጨዋታን አካላት መጠቀም ተብሎ ተፈቷል። አፈታቱ ራሱ ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑን ይመሰክራል። እንግሊዝኛው በግልጽ የለየውን እኛ በትርጉም ደባልቀነዋል። ተማሪው ትናንት ያጠናውን ለመናገር ሳይሆን የቀኑ ቆጠራ እንዳይቋረጥበት ብቻ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኩን ሲከፍት፣ ተጫዋቹ ማን እንደሆነ፣ የሚጫወቱበትስ ማን ላይ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፍርዳችን ግን ሚዛናዊ ይሁን። የዚህ መተግበሪያ እውነተኛ ጥንካሬ ከጨዋታው ሳይሆን ከልምምዱ ላይ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 የመርሳትን አካሄድ ከለኩ ወዲህ፣ በየጊዜው እየተራራቀ የሚደረግ ክለሳ ትውስታን እንደሚያጸና ይታወቃል። የዱኦሊንጎ ተመራማሪዎች በ2016 ያሳተሙት ጥናትም ተማሪው አንድን ቃል መቼ ሊረሳው እንደሚችል ገምቶ ክለሳውን ስለ ማቅረብ ነው። ይህ ለአንድ መምህር፣ ብዙ ተማሪ ላለበት ክፍል ሊያደርገው የማይቻል ሥራ ነው። የቄስ ትምህርት ቤታችንም ይህን ያውቃል፤ ፊደል በዜማ ይቈጠራል፣ ዳዊት ይደገማል፣ የተቀጸለው ቀለም ማታ ይከለሳል። ያን ሥራ ማንም ጨዋታ ብሎ አልጠራውም፤ ስላልጠራውም አላፈረበትም። ልምምድን ጨዋታ ማለት ጨዋታን ማራከስ ብቻ ሳይሆን ልምምድንም መናቅ ነው።

7. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

«በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ማስቀመጥ ከየት ይመጣል? መምህሩ ራሱ እንግሊዝኛ ለመናገር ሲቸገር መሣሪያው አይሻልምን? የሚያናግረው ሰው የሌለው ተማሪስ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከባድ ነው። መልሳችን መሣሪያው ይቅር የሚል አይደለም። ትክክለኛ ድምፅ በማሰማትና ክለሳን በማደራጀት መሣሪያው ከብዙዎቻችን ይበልጣል። የመነጋገሩ ክፍል ግን ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ የሚያንስ ሳይሆን የሚበዛ ሀብት ነው፤ ተነጋጋሪዎቹ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋልና። የጠፋው ይህን ማድረግ እንደሚገባ በግልጽ የሚነግር መምሪያ ነው።

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ የተስፋፉት፣ ከሰው ጋር በጽሑፍና በድምፅ የሚነጋገሩ መሣሪያዎች ጥያቄውን አዲስ መልክ ሰጥተውታል። ተማሪው የሚያውቀውን፣ መሣሪያው የማያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ የሰፈሩን የገበያ ቀን ሊነግረው ይችላል፤ መሣሪያውም እንደ ትርጉሙ ይመልስለታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በመጠኑ ያልፋል ብለን በሐቅ መቀበል አለብን። በሦስተኛው ላይ ግን ጥርጣሬ አለን። እንዲህ ያለው መሣሪያ የተሰባበረውን ንግግር ጠግኖ መረዳት ይቀናዋል፤ በግና መርከብ ቢቀያየሩበት ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፈዋል። አለመረዳት የሚባለው የሰው ጸጋ ይጐድለዋል። በገበያ፣ በሆስፒታልና በአውሮፕላን ማረፊያ የሚጠብቀን አድማጭ ግን ይህን ያህል ታጋሽ አይደለም።

8. የቃላት ሐሳብ

ከላይ ከተባለው ተነሥተን የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

«ጨዋታ» የሚለው ቃል ሦስቱን ጥያቄዎች ለሚያሟላው፣ ደንብና ንግግር ለተጣመሩበት ተግባር ብቻ ይጠበቅ። ልጆች ያለ ደንብ የሚያደርጉት ነጻ መጫወት «ቡረቃ» ይባል፤ ቃሉ ሕያው ነው፣ ቦረቀ ከሚለው ግሥም በቀላሉ ይረባል። ዓላማው ማሸነፍ ብቻ የሆነው «ውድድር» ይባል። ፊደልን፣ ድምፅንና ቃልን በመደጋገም የሚያጸናው ያለ ኀፍረት «ልምምድ» ይባል።

ለ«ጌሚፊኬሽን» «ጨዋታ ማልበስ» የሚለውን እናሳስባለን፤ የተሠራውም ነገር «ጨዋታ የለበሰ ልምምድ» ይባላል። ልብሱ ሌላ፣ ገላው ሌላ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። ነገር ግን አድራጊውን ለመጥራት «ጨዋታ አልባሽ» ማለት «ጨዋታ አልባ» ከሚለው ጋር ለጆሮ ስለሚቀራረብ «ጨዋታ የሚያለብስ» ማለት ይሻላል።

አንዱ የያዘውን፣ ሌላው የሌለውን ነገር እንግሊዝኛው የመረጃ ክፍተት ብሎ ይጠራዋል። ቃል በቃል ብንተረጕመው «ክፍተት» በአማርኛ ጉድለትን ስለሚያሳስብ መምህሩ መደፈን ያለበት ስሕተት ይመስለዋል። «የተከፈለ መረጃ» ብንል ደግሞ ገንዘብ የተከፈለበት ሊመስል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው የያዘው ለማለት «የተናጠል መረጃ» የሚለውን እንመርጣለን። «ግብረ መልስ» የሚለው የለመደ ቃል ስለ ሆነ እንዳለ ይቀመጥ፤ ነገር ግን ደወልና ነጥብ «ምልክት» ይባሉ እንጂ ግብረ መልስ አይባሉ።

9. መደምደሚያ

እነዚህ ቃላት የመጨረሻ ናቸው አንልም፤ ከእነርሱ የሚሻል የሚያመጣ ቢገኝ በደስታ እንቀበላለን። የማንለቀው ነገር ልዩነቱን ነው። የመምህሩ መምሪያ «ተማሪዎች ይጫወቱ» ብሎ ሲያዝዝ የትኛውን እንዳዘዘ መታወቅ አለበት፤ አፍ የሚከፍተውን ነው፣ ወይስ አፍ የሚያስይዘውን?

ለዚያ ወላጅም መልስ አለን። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት የተላከው ለጨዋታ አይደለም ቢለን፣ በባዕድ ቋንቋ እንግዳ ሆኖ በገባበት ቤት «ተጫወት» ሲባል ዝም እንዳይል ነው የተላከው እንለዋለን።